ሆድሽ ከመናገሩ በፊት

በሰፈራችን የሴቶች ዕድር የጥር ወር ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ያልተገኙት አባላት እንዲያነቡት ስለተጠየቅሁ፣ ከአፌ እንደወጣ ለማስቀመጥ ሞክሬአለሁ።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ! እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ፣ ልጆቼ! በሩን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወንድሞቼም እንደምን ዋላችሁ። ግቡ እንጂ፣ ወንበር አለ። የሴት ጉዳይ ነው ብላችሁ ደጅ አትቁሙ፤ ሲጀመርስ ያለ እናንተ መቼ ተጀመረ?

የዕድራችን ሰብሳቢ «ጥር የጤናማ እናትነት ወር ነውና ስለ ወሊድ አንድ ነገር በይን» አሉኝ። እሺ አልሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ስለ ወሊድ ብዙ ተብሏል። ስለ ምጥ ተብሏል፤ በጤና ተቋም ስለ መውለድ ተብሏል፤ ስለ ጡት ማጥባት በየሬዲዮው ተብሏል። ማንም የማያወራላት አንዲት ሳምንት ግን አለች። የትኛዋ? ወር አበባዋ የቀረባት ሴት «አርግዤ ይሆን?» ብላ ጣቷን እየቆጠረች ሌሊቱን የምታነጋባት ሳምንት። ዛሬ የምናገረው ስለዚያች ሳምንት ነው።

በአዋላጅ ነርስነት 31 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን ጎጃም ገጠር ውስጥ፣ ግማሹን እዚሁ አዲስ አበባ። ስንት ልጅ ተቀበልሽ ብትሉኝ አላውቀውም፤ መቁጠር የተውሁት ገና በሦስተኛው ዓመት ነው። «ምነው ቀደም ብለሽ በመጣሽ!» ያልኋቸውን ሴቶች ፊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

አራት ነገር እላለሁ። አረጋግጪ። ቀኑን ጻፊ። ሂጂ። ጓዳሽን ፈትሺ። አራት ብቻ ነው፤ ካለፍሁ ሰብሳቢያችን ይቆጡኝ።

ወደ አራቱ ሳልገባ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝሁት ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ዘልላ አፌን በመዳፏ ከደነችኝ። «ሆድሽ ሳይገፋ ለሰው እንዳትናገሪ! ዓይን አለ፣ ምላስ አለ» አለችኝ። እኔም የተማርሁት፣ ነጭ ጋዎን የለበስሁት፣ እሺ ብዬ ዝም አልሁ። ጠዋት ለነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ እንክብል አድላለሁ፤ ማታ ባዶ እጄን ቤቴ እገባለሁ። ከዚያው ካርቶን ለራሴ አንዲት ፍሬ ማንሣት አፈርሁ! ብወስድ የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ ታውቅብኛለች ብዬ። በአምስተኛው ወር ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ባልደረባዬ ደግፋ አስቀመጠችኝና የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየች። «አንቺ፣ ወረቀት መስለሻል!» አለችኝ። የደሜ መጠን፣ ሄሞግሎቢን የምንለው፣ ሲለካ 8 ነበር። በዚያ በእርግዝናዬ አጋማሽ ከ10 ተኩል በታች መውረድ አልነበረበትም።

አዋላጇ እንዲህ ካደረገች ሌላዋን ምን ልበላት?

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል የአገራችን ሰው። እርግዝና ግን ብቅል አያሻውም፤ ሆድ ራሱ ያወጣዋል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሆድ እስኪያወጣው ድረስ በደበቅነው ጊዜ ውስጥ ምን አመለጠን?

ልንገራችሁ። የጽንሱ አንጎልና ጀርባ የሚሠራበት ቱቦ ገጥሞ የሚያልቀው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ሃያ ስምንት ቀን! ይህ ማለት ወር አበባዋ በቀረ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ብዙዋ ሴት ያን ጊዜ «ብርድ መትቶኝ ይሆናል የዘገየው» እያለች ነው። ያ ቱቦ ሳይገጥም ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ ወይም ጭራሹን የማይኖር ሆኖ ይወለዳል። አገራችን ውስጥ ይህ ችግር ብዙ ነው፤ እኔ በእጄ ተቀብያለሁ፤ እዚህ ስለ እሱ ዝርዝር አልናገርም። ከሚከላከሉት ነገሮች ዋናው ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን ነው፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከምስር ፍሬ የምታንስ እንክብል።

እንግዲህ አስቡት። ልማዳችን ሦስቱን ወር ደብቂው ይላል። የጽንሱ አካል ደግሞ ተሠርቶ የሚያልቀው በእነዚያው በሦስቱ ወር ነው። የምንደብቀው ልክ ሐኪም የሚያስፈልገንን ጊዜ ነው ማለት ነው! በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል። ጥሩ ነው፣ እልል የሚያሰኝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ግን ስንት ናቸው? 28። የቀሩት ሆዳቸው እስኪናገርላቸው ጠብቀው የመጡና ጭራሹን ያልመጡ ናቸው።

ስለዚህ ለጎረቤት አትንገሪ፤ መብትሽ ነው። ዓይን እፈራለሁ ካልሽም ፍሪ፤ እኔ ከእናቴ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም። ከጤና ጣቢያው ግን አትደብቂ። የጤና ባለሙያ ዓይን ቡዳ የለውም።

አሁን ወደ አንደኛው። አረጋግጪ።

የሽንት መመርመሪያው በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ወር አበባሽ በቀረ ማግስት ጀምሮ ማየት ይችላል፤ የጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይሻላል። ሁለት መስመር ከወጣ አርግዘሻል። ሁለተኛው መስመር ፈዘዝ ቢልስ? ፈዘዘም ደመቀም መስመር መስመር ነው። አንድ መስመር ብቻ ወጥቶ ወር አበባሽ አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

የሚያስቸግረው ሳይረጋገጥ የሚዋጠው ነገር ነው። አንዲት ወጣት ትዝ ትለኛለች፣ ካፌ ውስጥ የምትሠራ። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፣ የጥብስ ሽታ ያስመልሳታል። አንድ ቦታ ሄደች፤ ጨጓራ ነው ተባለች። መድኃኒት ወሰደች። አልተሻላትም። ሌላ ቦታ ሄደች፤ ታይፎይድ ነው ተባለች። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ዋጠች። ደግሞም አልተሻላትም፤ በሦስተኛው ጊዜ ሌላ ታዘዘላት። እኔ ዘንድ ስትደርስ ሦስት ወር ሞልቷታል፤ በእጇ የያዘችው ፌስታል የመድኃኒት ካርቶን ብቻ ነው። «ወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?» አልኋት። ዓይኗ ፈጠጠ። እንዴት? እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም። ልጇ በሰላም ተወለደ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ዘጠኙንም ወር ስትጨነቅ፣ እኔም ስጨነቅ ከረምን።

ስለዚህ የትም ሂጂ፣ ለምንም ሕመም ሂጂ፣ መድኃኒት ሊታዘዝልሽ ሲል አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድሚ፦ «ወር አበባዬ ዘግይቷል።» ባይጠይቁሽም ተናገሪ። ራጅ ክፍል ስትገቢም እንደዚሁ።

ሁለተኛ። ቀኑን ጻፊ።

የትኛውን ቀን? የመጨረሻው ወር አበባሽ የጀመረበትን የመጀመሪያ ቀን። ያለቀበትን አይደለም፤ የቀረበትንም አይደለም፤ የጀመረበትን። ይህን ቀን ስንጠይቅ ምን እንደምንሰማ ታውቃላችሁ? «የሚካኤል ማግስት ይመስለኛል።» «አረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው።» «ጤፍ ያስፈጨን ሰሞን።» እኔ ይህን አልነቅፍም፤ እንዲያውም በዓል የያዘ ቀን አይጠፋም። ጤፉ ነው ያስቸገረኝ።

ቀኑ ከታወቀ የመውለጃ ቀንሽን እዚሁ ቁጭ ብለሽ ታወጪዋለሽ። ፈረንጆቹ ወራቸው አንዱ 30 አንዱ 31 ስለሆነ ይወሳሰብባቸዋል። የእኛ እንዴት እንደሚቀል እዩ። እርግዝና ከመጨረሻው ወር አበባ ጀምሮ 280 ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር 9 ወር ማለት 270 ቀን ነው፤ 10 ቀን ጨምሪበት፣ ሞላ! መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት ጀምሮሽ ከነበረ፣ ዘጠኝ ወር ስትቆጥሪ ሰኔ 17፣ አሥር ቀን ስትጨምሪ ሰኔ 27። መሐሉ ላይ ጳጉሜን ካለችስ? ጳጉሜን አምስት ቀኗን ከራሷ ስላመጣች የምትጨምሪው 5 ብቻ ነው። በዚህ በጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት የጀመራት ሴት ጥቅምት 11 ላይ ትደርስና 5 ጨምራ ጥቅምት 16 ትላለች። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4 ትጨምሪያለሽ።

በዚያ ቀን ይወለዳል ማለት ግን አይደለም! ሁለት ሳምንት ወዲህ ወዲያ ይላል። አንድ ባል «ቀኑ አልፏል፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?» ብሎ በማግስቱ ጠዋት ተቆጥቶ መጥቶብኝ ያውቃል፤ የባቡር ሰዓት መስሎታል። ቀኑ የሚጠቅመው ለሌላ ነው፦ ጽንሱ በወሩ ልክ ማደጉን፣ ምጡ ቀድሞ መምጣቱን፣ ወይም ከሚገባው በላይ መቆየቱን የምናውቀው በእሱ ነው። በግድግዳችሁ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ እስክሪብቶ አስሩበት። ያገባችውም ያላገባችውም በየወሩ ትክበብበት። ማንም አይቶ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሦስተኛ። ሂጂ።

እዚህ ላይ ጥቂት ታገሡኝ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

መቼ ልሂድ? በዚያችው ሳምንት። ካልሆነ ግን 12 ሳምንት ሳይሞላሽ። ድሮ አራት ጊዜ ክትትል ይበቃል እንል ነበር፤ አሁን ግን የዓለም ጤና ድርጅት 8 ጊዜ ይሁን ካለ ወዲህ የእኛም ጤና ሚኒስቴር መመሪያውን ወደ 8 አሳድጎታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልም ሆነ ወሊድ በነፃ ነው። መንገድ የሚያርቅባችሁ ከሆነ መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሩ።

ምን ያደርጉኛል? ክብደትሽን፣ ቁመትሽን፣ የደም ግፊትሽን ይለካሉ። ሽንትሽን ያያሉ፤ ሴቷ ሳይሰማት በሽንት ቧንቧዋ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። ከደምሽ የደም ማነስን፣ ኤችአይቪን፣ ቂጥኝን፣ የጉበት ቫይረስ ቢን ያያሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጡሻል። 24 ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መታየት አለብሽ።

«ቂጥኝና ኤችአይቪ ለምን እመረመራለሁ? እኔ ከባሌ በቀር ሰው አላውቅም» የምትል አለች። አምንሻለሁ እህቴ። ምርመራው ግን የሚደረገው ተጠርጥረሽ አይደለም፤ ለሁሉም ነው። ቂጥኝ በጊዜ ከተገኘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ካልተገኘ ግን ሕፃን ይገድላል። ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ የመውለድ ዕድሏ እጅግ ከፍ ያለ ነው። እዚህ መካከል መድኃኒቷን የምትወስድ ካለች፣ አረገዝሁ ብለሽ አንድ ቀን እንኳን እንዳታቋርጪ!

አሁን የደም ዓይነት ላይ ልቁም። እናቶቼ፣ ሾተላይን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ሁላችሁም! ማን ያላወቀ አለ?

ጎጃም ሳለሁ አንዲት ሴት መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እጇን ይዟል፣ ጤነኛ ነው። ከእሱ በኋላ ሦስት ወልዳለች። አንዱ ሆድ ውስጥ እንዳለ ሞተ፤ ሁለተኛው ተወልዶ ቢጫ ሆኖ በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ሦስተኛው አብጦ ሞቶ ተወለደ። «ሾተላይ ነው» ተባለች። በየአዋቂው ቤት ዞረች፤ ክታብ በአንገቷ ላይ ሦስት ታስሯል፣ ቆጥሬዋለሁ። የባሏ ዘመዶች «ይህቺ ልጅ አትበረክትላትም፣ ሌላ አግባ» ይሉታል። አምስተኛውን ልጅ አርግዛ በሰባተኛው ወር ነው እኔ ዘንድ የደረሰችው። የደም ዓይነቷ ሲታይ ኔጌቲቭ ነው። የባሏ ፖዘቲቭ።

ሾተላይ ይኼ ነው እናቶቼ! እናትየዋ ኔጌቲቭ ሆና አባትየው ፖዘቲቭ ከሆነ ልጁ የአባቱን ሊይዝ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ሲወለድ ግን ከደሙ ጥቂት ወደ እናቱ ያልፋል። ሰውነቷ «ይህ ባዕድ ነው» ብሎ የጦር መሣሪያ ሠርቶ ያስቀምጣል። ቀጣዩ ልጅ ሲፀነስ ያ መሣሪያ በእትብቱ በኩል ገብቶ የሕፃኑን ደም ያፈርሰዋል። ዛር አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ ከእሷም ጥፋት የለም።

መርፌ አለው! አንቲ ዲ ይባላል። በ28ኛው ሳምንት ይወጋል፤ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ፅንስ ቢወርድም ይሰጣል። ግን፣ እዚህ ላይ ስሙኝ፣ መሣሪያው አንዴ ከተሠራ በኋላ መርፌው አይመልሰውም። ለዚያች ሴት ረፍዶባት ነበር። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክናት፤ አምስተኛውም አልተረፈም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይህችው ሴት ተመልሳ መጣች። ያረገዘች መስሎኝ ደነገጥሁ። እሷ ግን ከኋላዋ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ወጣት ጎትታ አወጣች፤ ታናሽ እህቷ ናት፣ ካገባች መንፈቅ ያልሞላት፣ ወር አበባዋ ከቀረ አምስት ሳምንት የሆናት። «የእሷን ደም እዪልኝ» አለችኝ። ታየ። እህቷም ኔጌቲቭ ሆነች። መርፌው በዚያ ዘመን በአካባቢው አይገኝም ነበር፤ ባሏ በሬ ሸጦ ከባሕር ዳር አስመጣላት። ሦስት ልጆች አሏት። ባለፈው ዓመት የመጨረሻዋ ተመረቀች ብላ ስልክ ደውላልኝ ነበር። ያቺ ልጅ ሆዷ እስኪገፋ ብትደብቅ ኖሮ? ታላቅ እህቷ «አፍሬ» ብላ ዝም ብትል ኖሮ?

ይቅርታ፣ ውኃ ልጠጣ።

አራተኛ። ጓዳሽን ፈትሺ።

መጀመሪያ እንክብሉ። ደም ማነስን የሚከላከለው አይረንና ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ ያለበትን ይሰጡሻል፤ በየቀኑ አንድ። የማርገዝ ሐሳብ ያላት ደግሞ ፎሊክ አሲዱን ከማርገዟ በፊት ትጀምረው፤ ለምን እንደሆነ የ28 ቀኑን ነገር ነግሬአችኋለሁ። አይረኑ ሰገራ ያጠቁራል፤ ብዙ ሴቶች ይህን አይተው ደንግጠው እንክብሉን ሽንት ቤት ይጥሉታል። ይጥቆር! የሚያስፈራ አይደለም። ካቅለሸለሸሽ ማታ ልትተኚ ስትይ ዋጪው። ከቡና ጋር ግን አይሆንም። ቡናና ሻይ አይረኑን ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያግዱታል። ብርቱካን ወይም ሎሚ ያግዘዋል። ስለ ቡናው ራሱ ካነሣን፣ አቦሉን ጠጪ፤ ቶናውን ካልተውሽ በረካውን ለጎረቤት ተዪላት።

ጥሬ ሥጋ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ ከዚያ ማዶ ያጉረመረመው ማን ነው? ቁርጥ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ዱለት፣ ያልተፈላ ወተት፣ ለዘጠኝ ወር ብቻ ተሰናበቻቸው። በጥሬ ሥጋ የሚመጣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋሲ ወደ ጽንሱ አልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ይጎዳል። ኮሶ ታየኝ ብለሽም ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ እንዳትጠጪ፤ ጤና አዳም ቀቅለሽም እንዳትጠጪ። ከእነዚህ ውስጥ ማህፀን የሚያስቆጡ አሉ። ጠላው፣ ጠጁ፣ አረቄው፣ ጫቱም ይቅር። «ጠላ ደም ይሆናል» የምትሉ አክስቶች አላችሁ፤ ደም አይሆንም።

አፈር የሚያምራትስ? ስንቷ ናት የግድግዳ ጭቃ እየፈረፈረች በድብቅ የምትበላ! አትሳቁባት። ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው። ለባለሙያው ንገሪው፤ እሱ አይስቅም።

ጾምን በተመለከተ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ግን ያየሁትን እናገራለሁ። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች ራሷን ስታ የመጣች የስምንት ሳምንት እርጉዝ አውቃለሁ። የንስሐ አባቷን አስጠርተን ሲሰሙ ተቆጧት፤ «ማን ጹሚ አለሽ?» ነው ያሏት። መጠየቅ ፈርታ ነበር። ክርስቲያኗ የንስሐ አባትሽን፣ ሙስሊሟም ስለ ረመዳን አዋቂዎችን ጠይቂ፤ ሁለቱም ዘንድ ለነፍሰ ጡር መፍትሔ አለ።

መድኃኒት በቋሚነት የምትወስጂ ከሆነ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ሳትዘገዪ ለሐኪምሽ ንገሪ። የደም ግፊቱ ኢናላፕሪልና የሚጥል በሽታው ቫልፕሮኤት የሚባሉት ጽንስ ይጎዳሉ፤ የሚተካቸው አለ። በራስሽ ፈቃድ ግን አታቁሚ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቆም ራሱ ይገድላል። አስቀይሪ እንጂ አታቋርጪ።

አራት ብዬ ነበር፤ ሰብሳቢያችን እያዩኝ ነው። ሁለት ነገር በሩጫ ልጨምር።

አንደኛው፣ ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር። ደም ከፈሰሰሽ፣ በአንድ ጎን ታችኛው ሆድሽን አጥብቆ ከወጋሽና ካዞረሽ፣ ውኃ እንኳን ሳይረጋልሽ ካስመለሰሽ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ሌሊትም ቢሆን። ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲፈነዳ ሰዓት አይሰጥም።

ሁለተኛው ተቀጥራችሁ ለምትሠሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የ2011 ዓ.ም. ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለምርመራ ስትሄድ ደመወዟ አይቆረጥም፤ ማስረጃ ግን ታምጣ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ አትመደብም፤ ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። «አርግዘሻልና ሂጂ» ሊሏት አይችሉም። እርግዝናሽን ከአለቃሽ ከደበቅሽ ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ያልፈለገችውን እርግዝና የያዘች ልጅ እዚህ መካከል ልትኖር ትችላለች። እናቶቼ፣ ጆሯችሁን አትያዙ። ልጄ፣ ማንም የሰጠሽን ነገር አትጠጪ፣ ማንም ጓዳ አትግቢ። የጤና ባለሙያ ዘንድ ሂጂና በግልጽ ተናገሪ። ተደፍራ ላረገዘች፣ ጤናዋ አደጋ ላይ ለወደቀ፣ በአካልም በአእምሮም ላልደረሰች ልጅ የአገራችን የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ቦታ ትቶላታል። የሚሆነውን እነሱ ይነግሩሻል። እቤት ውስጥ ተደብቀሽ መድማት ግን መልስ አይደለም፤ ያን ያህል ብቻ ልበል።

ወንድሞቼ፣ እናንተ ምን አድርጉ? ከእሷ ጋር ሂዱ። ደማችሁን አብራችሁ ስጡ። ሾተላይን የምታመጣው እሷ ብቻ እንዳልሆነች ዛሬ ሰምታችኋል። ሕጉ ስትወልድ ለአባት ሦስት ቀን ከነደመወዝ ይሰጣል፤ ሦስቷን ቀን ግሮሰሪ ቁጭ ብላችሁ «እንኳን ማርያም ማረቻት» መቀበያ እንዳታደርጓት። አማቶች ደግሞ፣ ምራታችሁ ጓዳ ገብታ ስታስመልስ ሰምታችሁ እንዳልሰማ አትሁኑ። «ነገ ጠዋት አብረን እንሂድ» በሏት። እናቴ ያን ጊዜ አፌን ከመክደን ይልቅ እጄን ይዛ ብትወስደኝ ምን ነበር እላለሁ፤ ነፍሷን ይማርና፣ ክፉ አስባ አልነበረም።

እንግዲህ ቡናው ደርሷል ተብያለሁ። እጅ አውጥታ መጠየቅ ያፈረች ካለች ከዚያ ጥግ፣ ከጀበናው አጠገብ እቀመጣለሁ። የጀመረበትን ቀን በጆሮዬ ሹክ ትበለኝ፤ የመውለጃዋን ቀን ከቡናው በፊት እነግራታለሁ፣ ነገ ጠዋት የት እንደምትሄድም። ለማንም አልናገርም። እኔ ደግሞ አላረገዝሁምና ሦስቱንም ስኒ እጠጣለሁ።